ለጠባብ ክፍል የሚሆን የአየር ማጣሪያ አመራረጥ፦ ለባሕር ዳር ነዋሪዎች

የአየር ማጣሪያ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ስክሪኑን፣ ሪሞቱንና ቀለም የሚቀያይረውን መብራት ነው። እናንተ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ማሽን በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አየር ያጣራል? ፊልተሩ ሲያልቅ ሌላውን ከየት አገኛለሁ? ለሁለቱም ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ማሽኑን አስቀምጣችሁ ውጡ። የቀረው አብዛኛው ጌጥ ነው።

ይህን የምጽፈው አንድ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ላለ ወይም አስም ላለበት ልጁ መኝታ ቤት ማስተካከል ለሚፈልግ የባሕር ዳር ሰው ነው። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ሙሉ ቤቱን ከማሰብ አንዱን የመኝታ ክፍል በደንብ ማጽዳት ይሻላል ባይ ነኝ። በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት የምናሳልፈው እዚያ ነው። በሩ ተዘግቶ የሚያድረውም እሱ ነው።

1. ጭሱና አቧራው ከየት እንደሚመጣ ዕወቁ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ክፍላችሁን ለጥቂት ቀናት ታዘቡት። ማታ ስትገቡ ምን ይሸታል? ጠዋት የመስኮቱን ደፍ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ የቀረው ቡናማ አፈር ነው ወይስ ጥቁር ጥላሸት?

ቡናማ ከሆነ ከመንገድ ነው የመጣው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ባልደረሰበት የሰፈር መንገድ ላይ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አፈሩ ይነሳል። ጥቁር ከሆነ ደግሞ በአካባቢው የሚቃጠል ነገር አለ። የጎረቤት ማድ ቤት ሊሆን ይችላል። ግቢ ውስጥ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ የናፍጣ መኪና ወይም መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተርም ይሆናል።

ልዩነቱን ማወቅ ለምርጫ ይጠቅማል። የመንገድ አፈር አብዛኛው ትልልቅ ብናኝ ነው። ቶሎ መሬት ላይ ይወርዳል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። የጭስ ብናኝ ግን በጣም ደቃቅ ነው። ባለሙያዎች ፒኤም 2.5 የሚሉት ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያልበለጠውን ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮሜትር ስለሚጠጋ መጠኑን መገመት ትችላላችሁ። ይህ ደቃቅ ብናኝ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲተነፍሱት ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የ24 ሰዓት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአየር ማጣሪያ ዋና ሥራው ይህን ደቃቁን መያዝ ነው።

ባሕር ዳር ላይ አንድ የሚያግዘን ነገር አለ። ቀን ቀን መሬቱ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋስ ከጣና ወደ ከተማው ይነፍሳል። ማታ ነፋሱ ይደክማል፣ አቅጣጫውም ይዞራል። ማታና ማለዳ የማድ ቤት ጭስ ሰፈር ውስጥ ተኝቶ የሚቆየው አየሩ ረግቶ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ መስኮታችሁ ወደ አቧራማ መንገድ ካልዞረ በቀር እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ ክፈቱት፤ ክፍሉ በነጻ ይናፈሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዝጉትና ማሽኑን አስነሱ። ማጣሪያ ያላት ቤትም ብትሆን መስኮት መክፈት አይቀርላትም። ሰው የሚያስወጣውን የተቃጠለ አየር የሚያስወጣው መስኮት እንጂ ማሽን አይደለም።

ኅዳር ሲታጠን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1911 ዓ.ም የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ልማድ ሆኖ ቆይቷል። የዚያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ይጨሳል። ቤታችሁ አስም ያለበት ሰው ካለ ፊልተሩን ከኅዳር በፊት አዘጋጁ። በዕለቱ መስኮቱን ቀድማችሁ ዝጉ፤ የበሩን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፤ ማሽኑንም በከፍተኛ ፍጥነት አስነሱት። ከሰል ወይም ሌላ የሚነድ ነገር ግን በዚያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ።

2. ማሽኑ የማይሠራውን ዕወቁ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የሰው ሕይወት ያለበት ነገር ነው።

የአየር ማጣሪያ የከሰል ጋዝን አያጠፋም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ደቃቁን ብናኝ የሚይዘው ሄፓ የተባለው ፊልተር አይዘውም። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሽታ የሚይዘው የካርቦን ፊልተርም አይዘውም። ከሰሉ በደንብ ቀልቶ ጭሱ ቢጠፋ እንኳ ጋዙ መውጣቱን አያቆምም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ማሽኑ ጭሱን ወስዶ አየሩ የጠራ ሲመስል ሰው ተዘናግቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ከመጣ ወዲያውኑ ከክፍሉ ወጥቶ ንጹሕ አየር ማግኘትና ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

አራስ ቤት ላይ ደግሞ ጥንቃቄው በእጥፍ መሆን አለበት። አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ ከሰል ይገባል። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል፣ ነፋስ እንዳይመታት መስኮቱ ይዘጋል። ሁሉም በፍቅር የሚደረግ ነው። ሕፃኑ ግን የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። ለእናቶቻችንና ለአክስቶቻችን በአክብሮት እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እማዬ፣ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላና ስኒው ወደ ውስጥ ይግባ፤ ሙቀቱን በብርድ ልብስ እናድርገው።» አብዛኞቹ ለሕፃኑ ሲሉ እሺ ይላሉ። ማሽኑ ከዚህ ንግግር በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ምግብ በእንጨት፣ በኩበት ወይም በከሰል የሚበስለው በዚያው በምትተኙበት ክፍል ከሆነም ገንዘባችሁን ለማጣሪያ አታውጡ። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ምድጃ ግዙበት፤ ወይም ማብሰያውን ወደ ውጭ አውጡ። ትንሽ ማሽን በየደቂቃው አዲስ ጭስ የሚተፋ ምድጃን አይቋቋምም። በርበሬ ሲታመስና ሽንኩርት ሲቁላላም እንዲሁ ነው። በር ከፍቶ ማስወጣት ይቀላል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ማሽኑ አየር አያቀዘቅዝም፤ ኤሲ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ማደር ስለሚከብድ ከጎኑ ተራ ቬንቲሌተር ያስፈልጋችኋል። የግድግዳ እርጥበትና ሻጋታ አያደርቅም። ትንኝ አያባርርም። ወባ ባለበት ከተማ አጎበሩ በቦታው ይቆይ፤ የተጣራው አየር በአጎበሩ ቀዳዳ ያልፋል። እየነደደ የሚያድር የትንኝ ማባረሪያ ጭስ ግን ራሱ ብዙ ደቃቅ ብናኝ ስለሚያወጣ ከማጣሪያው ጋር እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር ነው። አጎበር ካለ ጭሱን ተዉት። ፍሊት ከረጫችሁም ክፍሉን አናፍሱና ከዚያ በኋላ ማሽኑን ክፈቱ።

3. ክፍሉን ለኩ

ሜትር ከሌላችሁ የወለሉን ሴራሚክ ቁጠሩ። አንዱ ሴራሚክ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አሥሩ 4 ሜትር ይሆናል። ርዝመቱን በወርዱ አባዙት፤ ከዚያ በከፍታው አባዙት። ለምሳሌ ክፍሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር ቢሆን፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ቢሆን፣ 33.6 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል ማለት ነው።

ከፍታውን አትርሱ። ሻጮች «ለ20 ካሬ ይሆናል» ሲሉ የሚያወሩት ስለ ወለሉ ብቻ ነው። የሚጣራው ግን አየሩ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከፍታው ስለሚጨምር አየሩም ይበዛል።

ስትለኩ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት አለ? ኮርኒሱ ተቀዷል? የመስኮቱ መስታወት ተሰንጥቋል? እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ማሽኑ የሚያጣራው የራሳችሁን አየር ሳይሆን የሰፈሩን ነው። መጀመሪያ ክፍተቱን ድፈኑ። ኪራይ ቤት ከሆነ ከአከራዩ ጋር ተነጋገሩ፤ ኮርኒስ ማስጠገን ለእሱም ንብረት ነው። ይህ ሥራ ብቻውን አንዳንድ ቤት ላይ የማሽኑን ግማሽ ያህል ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

4. አንዷን ቁጥር ፈልጉ

ካርቶኑ ላይ በአራት የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚጻፍ ቃል አለ፤ ሲኤዲአር (CADR) ይባላል። ማሽኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር እንደሚያወጣ የሚናገር ቁጥር ነው። ይህች ቁጥር የሞተሩን ጉልበትና የፊልተሩን ጥራት አንድ ላይ ትይዛለች። ጥሩ ፊልተር ኖሮት ሞተሩ ደካማ የሆነ ማሽን ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሞተሩ ኃይለኛ ሆኖ ፊልተሩ የሚያሳልፍ ማሽንም እንዲሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። የክፍሉን ሜትር ኩብ በ5 አባዙት። የክፍሉ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል እንዲጣራ ማለት ነው። ከላይ ያለው ክፍል 33.6 ነበር፤ በ5 ሲባዛ 168 ይሆናል። ስለዚህ ሲኤዲአሩ ቢያንስ ወደ 170 የሚጠጋ ማሽን ያስፈልገዋል። በዚህ ፍጥነት አዲስ ጭስ መግባቱን ካቆመ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከደቃቁ ብናኝ ከአሥር ዘጠኝ እጁ ይወጣል።

አሜሪካ የተሠራ ወይም ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ማሽን ቁጥሩን በደቂቃ በኩቢክ ፊት ይጽፋል። ያን ቁጥር በ1.7 አባዙት። 100 የተጻፈበት በእኛ ስሌት 170 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው «100 ብቻ» ብሎ ጥሩውን ማሽን ይተዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ማሽኑ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ የሚሰጠው ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ ይጮኻል። ሌሊት ሰው የሚችለው ዝቅተኛውን ወይም መካከለኛውን ፍጥነት ነው። በዝቅተኛው ብዙ ማሽኖች የሚሰጡት ከሙሉ አቅማቸው በጣም ያነሰ ነው። እናም ስሌቱ 170 ካላችሁ፣ ኪሳችሁ ከቻለ 220 ወይም 250 ያለውን ያዙ። ትልቁን ማሽን በዝግታ ማሠራት ትንሹን እያስጮኹ ከማደር ይሻላል። ካርቶኑ ላይ የድምፅ መጠን በዴሲቤል ከተጻፈ በዝቅተኛው ፍጥነት 30 እና ከዚያ በታች ያለው ለመኝታ ክፍል ይስማማል።

«እስከ 40 ካሬ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አያሳምናችሁ። አንዳንዱ አምራች ያን ስፋት የሚያሰላው አየሩ በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሲጣራ ነው። ሲኤዲአር ጨርሶ ያልተጻፈበትን ማሽን ደግሞ እኔ አልገዛም። በስልክ ቻርጀር ገመድ የሚሠሩ፣ እንደ ውኃ ኮዳ ያሉ ትንንሽ ማጣሪያዎች በብዛት እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። መኪና ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ ያምራሉ፤ የአንድ ክፍል አየር ግን ከአቅማቸው በላይ ነው።

5. ፊልተሩን ገልጣችሁ ተመልከቱ

የምትፈልጉት ሄፓ (HEPA) የተባለውን ፊልተር ነው። በአውሮፓ ደረጃ ኤች 13 የተጻፈበት ለመያዝ በጣም አስቸጋሪ ከሆነው ብናኝ 99.95 ከመቶ ያስቀራል። በአሜሪካ አጻጻፍ 0.3 ማይክሮሜትር ከሆነው ብናኝ 99.97 ከመቶ የሚል ታገኛላችሁ። ሁለቱም ለቤት ከበቂ በላይ ናቸው።

«ሄፓ ታይፕ» ወይም «ሄፓ ላይክ» የሚለው ግን ሌላ ነው። ደረጃውን ያሟላ ነው ማለት አይደለም። አንድ ትንሽ ቃል ስለሆነች ሰው ያልፋታል። ጣታችሁን አስቀምጣችሁ አንብቡ።

ጥሩ ፊልተር ሲታይ እንደ አኮርዲዮን ጥቅጥቅ ብሎ የታጠፈ ነው። እጥፋቱ በበዛ መጠን አየር የሚያልፍበት ስፋት ይጨምራል፤ ፊልተሩም ይቆያል። ከፊቱ ደግሞ ትልልቁን አቧራ፣ ፀጉርና ክር የሚይዝ የሚታጠብ መረብ ይኑረው። ለባሕር ዳር ይህ መረብ የግድ ነው። መረብ የሌለው ማሽን በበጋ የመንገዱን አፈር በቀጥታ ውዱ ፊልተር ላይ ይጭናል፤ ዓመት የሚቆየው በወራት ያልቃል።

የካርቦን ሽፋኑ ለሽታ ነው። አነስተኛ ማሽኖች ውስጥ ያለው ካርቦን ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይጠግባል። ስለ ካርቦን ብላችሁ ብዙ አትጨምሩ። የቡናና የእጣን ሽታ ከቤት እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰውም እምብዛም የለም፤ የሚያስቸግረው ጭሱ ነው፣ እሱን ደግሞ ሄፓው ይይዘዋል።

ኦዞን የሚያመነጭ ማሽን አትግዙ። «አየሩን ዝናብ ካባራ በኋላ እንደሚሆነው ያደርገዋል» ተብሎ ይሸጣል። ኦዞን ሳንባን የሚያስቆጣ ጋዝ ነው፤ አስም ላለበት ደግሞ ይበልጥ ይከፋል። «አዮናይዘር» የሚባለው፣ አየሩን በኤሌክትሪክ የሚሞላው የማሽኑ አካልም ጥቂት ኦዞን ሊያወጣ ይችላል። ማሽኑ ላይ ካለ ለብቻው የሚጠፋ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያ አጥፉት። ጀርም ይገድላል የሚባለው ሰማያዊ የዩቪ መብራት ላለውም ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። አየሩ በመብራቱ ፊት የሚያልፈው ለቅጽበት ስለሆነ አነስተኛ ማሽን ላይ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

6. ከማሽኑ በፊት ፊልተሩን አግኙ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ ፊልተሩ ግን በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይገዛል። የባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ያመጡትን ማሽን ሸጠው ይጨርሳሉ፤ የዚያኑ ፊልተር መልሰው ላያስመጡ ይችላሉ። ያኔ ማሽኑ አልጋ ሥር ይገባል።

ስለዚህ ለሻጩ እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ መለዋወጫ ፊልተሩን አሁን ካለህ አሳየኝ።» «ይመጣል» የሚል መልስ አይቆጠርም። በእጁ ካለ ሁለት ተጨማሪ ከማሽኑ ጋር ግዙና ዋጋውን አንድ ላይ ተከራከሩ። ሦስት ፊልተር ያለው መካከለኛ ማሽን አንድ ፊልተር ካለው ውድ ማሽን ይሻላል።

አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ወይም በቴሌግራም የሚሸጡ ነጋዴዎችን የምታምኑ ከሆነ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ጽፋችሁ ፊልተሩን አስጠይቁ። ስም ብቻ አይበቃም። የአንድ ድርጅት ሁለት ማሽኖች መልካቸው ተመሳስሎ ፊልተራቸው ላይገጥም ይችላል። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ሲያመጣላችሁም ትርፍ ፊልተር ጨምሮ እንዲይዝ ለምኑት፤ ቀላል ስለሆነ ሻንጣ አይከብድም።

ዋጋ ስታወዳድሩ የማሽኑን ዋጋ ብቻ አትመልከቱ። በሦስት ዓመት የምትቀይሩትን ፊልተር ደምራችሁ አስሉ። ርካሽ የመሰለው ማሽን ብዙ ጊዜ በፊልተር ዋጋ ይበልጣል።

7. መብራቱን አስቡ

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ከጀርባው ወይም አዳፕተሩ ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ከሌለው ሶኬት ላይ በቀጥታ አትሰኩት፤ ይቃጠላል። 120 ብቻ ከሆነ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚሠራ አቅሙ ከማሽኑ ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን። ዘመድ ገና ሳይገዛ ይህን ብትነግሩት ግን ሁሉም ነገር ይቀላል።

ስለ ፍጆታው አትጨነቁ። አነስተኛ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ50 ዋት በታች ነው። 30 ዋት የሆነው በቀን አሥር ሰዓት ቢሠራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 3.5 ኪሎዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሠራ የሚወስደው ያህል ነው።

የሚያስቸግረው የመብራቱ መሄድና መምጣት ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ይነሳል? በቁልፍ የሚዞሩት አብዛኞቹ ይነሳሉ። በንክኪ የሚሠሩት አንዳንዶቹ ጠፍተው ያድራሉ፤ እናንተም ጠዋት ነው የምታውቁት። ሱቅ ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ገመዱን ነቅለው መልሰው እንዲሰኩት ጠይቁ፤ መልሱን እዚያው ታዩታላችሁ። መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ማሽኑን በስታቢላይዘር በኩል አገናኙት። ዲቫይደር ብቻውን ከከፍተኛ ቮልት አያድንም።

8. ሱቅ ውስጥ ፈትሹ

ማሽኑን አስከፍታችሁ ሦስቱንም ፍጥነት ስሙ። ጆሮአችሁን ቅርብ አድርጉ፤ የሚያንኳኳ ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ ሌላ ይምጣ። አየር የሚገባበት ላይ ሶፍት ብታስጠጉ መሳብ አለበት። ይህ አየር መግባቱን እንጂ መጣራቱን አያሳይም፤ ግን ሞተሩ መሥራቱን ታውቃላችሁ። የሚያስቆጣ፣ አፍንጫ የሚያሳክክ ሽታ ካለው ኦዞን ሊሆን ስለሚችል ተዉት።

የፊልተሩን ክዳን ክፈቱ። ፊልተሩ በደንብ ገጥሟል? በጎኑ ቀዳዳ ካለ አየሩ ሳይጣራ በዚያ ያልፋል። ፊልተሩ አቧራ ካለበት ያገለገለ ነው። የዋስትና ወረቀቱ ላይ የሱቁ ማኅተም፣ ቀንና የማሽኑ ቁጥር ይጻፍ።

የብናኝ መጠን በቁጥር የሚያሳይ ማሽን ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ቀለም ብቻ የሚቀያይረውን ግን ብዙ አትመኑ። በራሱ ፍጥነት እንዲመርጥ ከተውነው ጭስ እያለ በዝግታ ሲሠራ ሊያድር ይችላል። ፍጥነቱን ራሳችሁ ብትመርጡ ይሻላል።

9. ቤት ስትገቡ

መጀመሪያ ፊልተሩን አውጡና የተጠቀለለበትን ፕላስቲክ ቅደዱ። ብዙ አምራች ፊልተሩን ማሽኑ ውስጥ ከነፕላስቲኩ ያስቀምጠዋል። ክዳኑን ሳይከፍቱ አስነስተው ወራት የሚያሠሩ ሰዎች አሉ፤ ማሽኑ ይጮኻል፣ አየሩ ግን እንደነበረ ነው።

ከዚያ ቦታ ምረጡለት። ከግድግዳና ከመጋረጃ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። አልጋ ሥር፣ ከሶፋ ጀርባ ወይም ቁምሳጥን ጥግ አታስገቡት። በርጩማ ወይም ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከራስጌ በኩል ቢቀመጥ የተጣራው አየር ቀድሞ ለተኛው ሰው ይደርሳል። ልብስ አይሰጣበት፤ የውኃ ብርጭቆም አይቀመጥበት።

ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት በርና መስኮት ዘግታችሁ በከፍተኛው ፍጥነት አስነሱት። ስትተኙ ወደ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ አውርዱትና እስኪነጋ አይጥፋ። አንድ ሰዓት ሠርቶ የጠፋ ማሽን ልፋቱ በበሩ ሥር በሚገባው አየር ይጠፋል። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በማሽኑ ምክንያት አያቁም፤ ያንን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

10. አያያዝ

በበጋ የፊቱን መረብ በሁለት ሳምንት አንዴ እጠቡት፤ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይመለስ። ሄፓውን ግን ውኃ አታስነኩት። በመጥረጊያ መምታትም አይሆንም፤ ወረቀቱ ይሰነጠቃል፣ የያዘውም አቧራ ፊታችሁ ላይ ይበተናል። የማሽኑ መብራት «ቀይር» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የሠራበትን ሰዓት ቆጥሮ ስለሆነ በዓይናችሁም ፍረዱ። ፊልተሩ ጠቁሮ፣ የሚወጣው አየር ደክሞ፣ ድምፁ ከበፊቱ ከፍ ካለ ጊዜው ደርሷል።

የድሮውን ስታወጡ ማስክ አድርጋችሁ በረንዳ ላይ አውጡት፤ በፌስታል አስራችሁ ጣሉት። ከሌላ ቆሻሻ ጋር ግቢ ውስጥ አታቃጥሉት።

ክረምት ሲገባ ዝናቡ አቧራውን ስለሚያጥበው ማሽኑ እረፍት ያገኛል። ሰፈራችሁ ጭስ ከሌለው ከሰኔ እስከ መስከረም ልታቆሙት ትችላላችሁ። እንዲሁ ጥግ ላይ ትታችሁት ከሄዳችሁ ግን የጣና ዳር እርጥበት ፊልተሩ ውስጥ ገብቶ ያሻግተዋል። ደረቅ ቀን ምረጡና ማሽኑን ለጥቂት ሰዓታት አሠሩት። ከዚያ ፊልተሩን አውጥታችሁ በፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ከወለል ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ትርፎቹንም ፊልተሮች ሳትከፍቱ ከጎኑ አኑሯቸው። መስከረም ላይ ስትፈቱት ቀረብ ብላችሁ አሽትቱት፤ የሻጋታ ሽታ ካለው ያንን ፊልተር መልሳችሁ ማሽኑ ውስጥ አታስገቡ፤ አዲሱን ክፈቱ።